ከእንጀራ የራቅኩባቸው ሦስት ወራት

ወረቀቱ ሁለት ረድፍ ነበረው። በግራ በኩል የማይበላው፣ በቀኝ በኩል የሚበላው ተዘርዝሯል። የግራውን ሳነበው ጡት ከጣልኩ ጀምሮ የበላሁት ነገር ሁሉ እዚያ ተሰልፏል፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ስኳር፣ ለስላሳ። የቀኙ ረድፍ የዒድ ገበታ ይመስላል፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ቅቤ፣ ጎመን፣ አቮካዶ። ሰው በየቀኑ ዒድ ሊያከብር አይችልም ብዬ አሰብኩ። ለሐኪሙ ግን «እሺ» አልኩት። ልጄ የሚሆን ወጣት ነው፤ እየተናገረ ሰዓቱን ያያል፣ ውጭ የተሰለፈው ሰውም ብዙ ነበር።

እዚያ ያደረሰኝ መርፌ ነው። ጅማ መርካቶ ውስጥ በአንድ የጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ ልብስ ስሰፋ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያን ሰሞን ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አለኝ። መጀመሪያ መርፌውን ወቀስኩ፤ ከሌላ ሻጭ ገዛሁ። ቀጥዬ ክሩን ወቀስኩ፤ ዘንድሮ የሚመጣው ክር ጫፉ ይበተናል አልኩ። ከዚያ ደመናውን። ጅማ ላይ ደመና መውቀስ ለፈለገ ሰው ደመና አይጠፋም። በመጨረሻ የሚወቀስ ሳጣ ዓይኔን ላስመረምር ሄድኩ። የዓይን ሐኪሙ አይቶ ሲጨርስ መነጽር ያዝዝልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ደም ተመርመር ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ላከኝ። ስኳር ነው ተባለ።

«ዓይንዎን የጋረደው ስኳሩ ነው» አለኝ ሰዓቱን የሚያየው ወጣት። «ቶሎ ካወረድነው ብዥታው ሊገፈፍ ይችላል። ካላወረድነው ከጀርባ መድማት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሄደውን እኔም አልመልሰውም፣ ሌላም ሰው አይመልሰውም።» ሦስት ወር ሰጠኝ። ኪኒንም አዘዘልኝ፤ ግን ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም፣ ዋናው ሥራ ሳህንዎ ላይ ነው አለ። ኃይል ሰጪ ምግብ የሚባለውን መቀነስ ነው። በልጅነቴ ትምህርት ቤት ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ እያልን የሸመደድነውን አስታወስኩ። ኃይል ሰጪው ያን ጊዜ ጥሩ ነገር ነበር።

ለባለቤቴ ግማሹን ነገርኳት። ስኳር አለብህ ብለውኛል፣ የምግብ ወረቀትም ሰጥተውኛል አልኩ። የዓይኑን ነገር ዋጥኩት። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሥራዬ ነበር። መርካቶ ውስጥ የልብስ ሰፊ ዓይን ደከመ ከተባለ ደንበኛ በማግስቱ ጎረቤት በረንዳ ላይ ነው የሚገኘው። ባለቤቴ ደግሞ የምንኖርበት በቾ ቦሬ ውስጥ በየመንገዱ አንድ እህት አላት። እውነተኛው ምክንያት ግን ይህ አልነበረም። ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ሲያዝኑልኝ እናደዳለሁ፣ ከዚያ በመናደዴ እጸጸታለሁ፤ ብዙ ድካም ነው። ዝም ማለት ይቀለኛል።

ወረቀቱን ተቀብላኝ ቆማ አነበበችው። «እንጀራ ከሌለ ወጡን በምን ልታነሳው ነው?» አለች።

ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ ያየሁት እስከ ምሳ ድረስ ነው። ወጥ ለብቻው የሚበላ ነገር አይደለም፤ ጨውም በርበሬውም እንጀራ ይሸከመዋል ተብሎ የተጨመረ ነው። በማንኪያ ስበላው ምላሴ ተቃጠለ፣ ውሃ በላዩ ጠጣሁ፣ ረሃቤም እዚያው እንደነበረ ቀረ። ቀኝ እጄ ደግሞ አልሰማም አለ። ወሬ ስንጀምር በራሱ ተነስቶ ወደ እንጀራው ይሄዳል። ሃያ ስድስት ዓመት ከአንድ ትሪ ነው የበላነው፣ መንገዱን ያውቀዋል። እሷ እጄን እያየች ትሪውን ትንሽ ወደ ራሷ ትስበዋለች። ሳምንት ሳይሞላ ትሪያችን ተለየ። ለእኔ ጨውና በርበሬ ያልበዛበት ወጥ ለብቻው ትሠራለች፤ ጎመን በቅቤ፣ እንቁላል፣ ከጓሮ የወደቀ አቮካዶ በሚጥሚጣ። ምሳዬን እንደ ወትሮው በምሳ ዕቃ ወደ በረንዳው ታመጣልኛለች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ማንም እንዲደርስብኝ አልመኝም። ራሴን አመመኝ። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ነው፤ አንድ ሱሪ ሳልጨርስ ጉልበቴ ይዝላል። ካውያውን ተሳደብኩ፣ መቀሱን ተሳደብኩ፣ ልኬት ሲወሰድለት ትንፋሹን የሚይዝ ደንበኛ ላይ ጮህኩበት። ከዙሁር ሶላት በኋላ ከጎረቤት ሰፊዎች ጋር ጫት ስንቀመጥ የምጠጣው ለስላሳ ቀረ። ጫቱን ወረቀቱ ስላልጠቀሰው እኔም አልጠቀስኩትም። ቡና የምትሸጥልን ሴት ሳልናገር ሦስት ማንኪያ ስኳር ትጨምርልኝ ነበር፤ በጨው አድርጊልኝ ስላት ስኒውን ይዛ ቆመች።

«ማሎ፣ ቡና በጨው? ገጠር ገቡ እንዴ?» አለችኝ።

ገብቻለሁ አልኳት።

ከዚያ ቆጮ መጣ። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ከደቡብ የመጣች የወንጌል አማኝ ናት፤ ከባለቤቴ ጋር ሞሰብ ይዋዋሳሉ፣ ሲጣሉም በአጥሩ ላይ ነው የሚጣሉት። መክሳቴን አይታ አዘነችልኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ተናደድኩ። በማግስቱ ግን በኮባ ቅጠል የተጋገረ ቆጮ ከአይብ ጋር ይዛ ስትመጣ ንዴቴ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እህል አይደለም» አለች። «ተክል ነው። ከግንዱ ተፍቆ ነው የሚወጣው። እኛ አገር ታማሚ የሚበላው ይሄን ነው፣ ጌታ ይመስገን።»

ባለቤቴ ወረቀቱን አመጣች። የግራውን ረድፍ በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደችበት፣ ከታች ወደ ላይም ወጣችበት። ቆጮ የሚል የለም። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ከየት እንደሆነ አላውቅም፤ እንሰት ጓሮው እንዳልነበረ ግን ገምቻለሁ። እንሰት ቅጠል አለው፣ ግንድ አለው፣ ከጎመን ጎን ይበቅላል። ሦስታችንም በዚህ ተስማማን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆጮ በቁርስ፣ ቆጮ በምሳ፣ ቆጮ በራት ሆነ። እጄም ወጥ የሚያነሳበት ነገር በማግኘቱ ተደሰተ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንድ ማንኪያ የጫካ ማር እልስ ነበር። የጫካ ማር መድኃኒት እንጂ ስኳር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ጅማ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም፤ እኔም እዚሁ ነው የተወለድኩት።

ወሩ ሲሞላ ልለካ ሄድኩ። ነርሷ ጣቴን ወጋች፣ መለኪያውን አየች፣ ሌላ ጣት ወጋች። ስኳሩ ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም ትንሽ ወደ ላይ ብሏል። ምን እየበሉ ነው አለችኝ። በኩራት ዘረዘርኩላት። ቆጮ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ቆጮ ጎመን መሰለዎት?»

«ወረቀታችሁ ላይ የለም» አልኳት።

ሳቋን መያዝ አቃታት። ጥሩ ሴት ናት፤ ግን ሳቀች። ከዚያ ወረቀቴን ተቀብላኝ በግራው ረድፍ መጨረሻ በእጇ ቆጮ፣ ቡላ፣ ማር ብላ ጻፈችበት። ቆጮ በውስጡ ያለው ከዳቦ ብዙም እንደማይለይ፣ ማርም ከስኳር እንደማይሻል አስረዳችኝ። ሰማኋት። ስወጣ ግን ስለ ቆጮ አልነበረም የማስበው። ከተሰጠኝ ሦስት ወር አንዱ አልቆ ነበር፣ ያለቀውም በሳቅ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ላነብ ሞከርኩና ከትልልቆቹ ፊደላት በታች ያለው አልታየኝም። ፈራሁ። ያን ቀን ነው በእውነት የፈራሁት። የማላይ ብሆን ምን እንደምሠራ አሰብኩ፤ ምንም አልመጣልኝም። ከልብስ ስፌት ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።

ከዚያ ወዲያ ቀልድ ቀረ። ቆጮው ወደ አጥሩ ማዶ ተመለሰ፣ ማሩ ለእንግዳ ተቀመጠ። ጎመኑን፣ እንቁላሉን፣ አቮካዶውን እንደ ኪኒን ዋጥኩት። ሥጋ በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ ዒድ ይበዛል። ወረቀቱን እንደ ሕግ ያዝኩት፣ ሕግ የያዘ ሰው ደግሞ ምን እንደሚሆን ሰኮሩ ላይ አየሁት።

ሰኮሩ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የባለቤቴ አጎት የሚኖሩት እዚያ ነው። የልጅ ልጃቸው ወለደች ተባለና ልንጠይቅ ሄድን። ሴቶቹ ወደ አራሷ ክፍል ገቡ። እኔ ከአጎቷና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሳሎን ተቀመጥኩ። ገንፎ መጣ፤ እነሱ ማርቃ ይሉታል። በሰፊ የእንጨት ሳህን ተከምሮ፣ መሐሉ ተጎድጉዶ፣ በርበሬ የገባበት ቅቤ ሞልቶበታል። አበላሉን እዚህ አገር የማያውቅ ሕፃን የለም። ሁሉም በፊቱ ካለው ዳር ይቆርሳል፣ ቅቤውን ነካ አድርጎ ይጎርሳል፣ ዳሩ እያለቀ ወደ መሐል ይጠጋል። ቅቤው እስከ መጨረሻዋ ጉርሻ መድረስ አለበት።

እኔ ሳህኑን አየሁና ገንፎ ከግራው ረድፍ ነው፣ ቅቤ ከቀኙ ነው አልኩ በልቤ። አልበላም ብል የሰው ቤት ማስቀየም ነው፤ ሕመሜን ልናገር ደግሞ አልፈለግኩም። ስለዚህ ቢስሚላህ ብዬ ማንኪያዬን በቀጥታ ወደ መሐል ሰደድኩ። አንድ ማንኪያ ቅቤ ጠጣሁ። ደገምኩ። በጣም ይጣፍጥ ነበር፣ እኔም ርቦኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ ወሬው ቆመ፤ አምስተኛው ላይ የጉድጓዱ ወለል ታየ።

«ሶዳኮ» አሉኝ አጎቷ፤ አማቼ ማለታቸው ነው። «ማርቃ ከዳር ነው የሚጀመረው።»

«አውቃለሁ አባባ» አልኳቸው።

«ኢሺ፣ ካወቅክ ጥሩ። ቅቤው ለሁላችንም ነበር የፈሰሰው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደረቁን ገንፎ አላምጠው አላምጠው በመጨረሻ በውሃ አወረዱት። ቅቤ ጨምሩ ቢባል የቀረው ለአራሷ ነው ተባለ። አፈርኩ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ፤ ምክንያቴን ግን ያን ጊዜም አልተናገርኩም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ወደ ሴቶቹ ክፍል ደርሶ ነበር። ባለቤቴ በሚኒባሱ ውስጥ ጅማ ልንገባ ትንሽ እስኪቀረን ድረስ አላናገረችኝም። ከዚያ ፊቷን ከመስኮቱ ሳታነሳ፣ «ስኳር አለብኝ ማለት ምን ይከብዳል?» አለች። «ሱብሃነላህ፣ አራሷ ሳትቀር ሳቀች። አጎቴ በስተርጅና ደረቅ ገንፎ በሉ።»

«አልመጣልኝም» አልኳት።

«አንተ መናገር አትችልበትም» አለች።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ስኳሩ ወረደ። እኔም አብሬው ወረድኩ። የራሴን ሱሪ ወገቡን ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። እዚህ ከተማ የሚወፍር ሰው አልሐምዱሊላህ ይባልለታል፣ የሚከሳ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። መስጊድ በር ላይ እጄን የሚጨብጡኝ ሁሉ እጄን ሳይለቁ ፊቴን ያጠኑ ነበር። አንዱ ሌላ በሽታ ጠረጠረልኝ፣ አንዱ ሥራህ ተቀዛቀዘ ወይ አለኝ። ለባለቤቴ የደረሳት ከሁሉም የባሰ ነው፤ ምግብ ትከለክለዋለች ተብላ ታማች። በቀን ሁለት ዓይነት ወጥ የምትሠራ ሴት ናት። ሐሜቱን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፣ ሳቁ ግን ልቧ ድረስ እንዳልሄደ አውቄያለሁ። ያን ጊዜ የዓይኔን ነገር ልነግራት ይገባ ነበር። አልነገርኳትም።

ሥራዬን አላቋረጥኩም። ክር የማስገባው በመዳሰስ ነበር፤ የመኪናውን መስመር ደግሞ ከማየው ይልቅ የምገምተው ይበልጣል። በእነዚያ ወራት ሁሉ አንድም ደንበኛ ልብስ ይዞ ተመልሶ አልመጣብኝም። ይህን ለሠላሳ ዓመት ልምዴ ቆጠርኩት። እጄ ያለ ዓይንም ይሰፋል ብዬ ኮራሁ፤ ለጎረቤት ሰፊዎችም ልናገረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ረሳ። ስኳሩ በደንብ ወርዷል፣ ዓይኔም ከጀርባ አልደማም። አመጋገቡን እንዳልተው፣ በየጊዜው እንድታይ ነገረኝ። ለውጡን እኔም አውቄው ነበር። በየጠዋቱ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰዎች ፊት እየጠራ፣ የባጃጆቹ ታርጋ ቁጥር እየተለየ መጥቶ ነበር። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከሐኪም ቤት እስከ መርካቶ እንደ ልጅ የየሱቁን ጽሑፍ እያነበብኩ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለአንድ ትምህርት ቤት የተሰፉ ሱሪዎች ለመተኮስ ተቆልለው ነበር። ቁልፍ መትከልና የሱሪ እግር ማጠፍ ድሮም የባለቤቴ ሥራ ነው። የሰፋሁትን ማታ በጆንያ ይዤ እገባለሁ፣ በማግስቱ ከምሳዬ ጋር ታመጣልኛለች። አንዱን ሱሪ አነሳሁና ገለበጥኩት። የጎኑ ስፌት የእኔ አልነበረም። እኔ የመኪናዬን እርምጃ ሰፋ አድርጌ ነው የማስተካክለው፤ ስፌቴ ረዘም ይላል። ይህ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጨርቁን ወደ ብርሃን አነሳሁት። ከስፌቱ አጠገብ ክር የሌለባቸው የመርፌ ቀዳዳዎች ነበሩ። ከወገብ ጀምረው ከስፌቱ ጋር ይወርዱና ጉልበት አካባቢ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ ይመለሳሉ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ይወጣሉ። መርፌ የወጋው ጨርቅ እስኪታጠብ ድረስ ምልክቱን ይይዛል። ጠማማው መስመር የእኔ ነበር።

ሌላ ሱሪ ገለበጥኩ። ሌላም። ከቁልሉ ውስጥ የእኔ ስፌት እንደነበረ የቀረበት ሁለት ሱሪ ብቻ አገኘሁ። ቤት ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና አለችን፤ ባለቤቴ ከተጋባን በኋላ በእሷ ላይ ነው መስፋት የተማረችው፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጠዋት እኔ ከወጣሁ እስከ ምሳ ድረስ ባለው ጊዜ ሁለት ዓይነት ወጥ ትሠራለች፣ የእኔን ስፌት ትተረትራለች፣ መልሳ ትሰፋለች። ካውያው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቁጭ አልኩ።

በምሳ ሰዓት መጣች። ምሳ ዕቃውን አስቀመጠች፣ ጆንያውን አወረደች። ሱሪውን እንደተገለበጠ በጠረጴዛው ላይ ዘርግቼው ነበር። አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከረመዳን በፊት።»

እኔ ሐኪም ቤት የሄድኩት ዒድ ካለፈ ከሁለት ወር በኋላ ነው። መርፌውንና ደመናውን ስወቅስ እሷ እየተረተረች ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የሱሪውን እግር አስተካክላ አጠፈችው። «ሳትነግረኝ ተሻለህ።»

መኪናዬን ሸፈንኩ። ባጃጅ አልያዝንም፤ ወደ በቾ ቦሬ በእግር ስንወርድ የምታውቀውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።